ኮምፒውተሩ ሞተ ከማለታችን በፊት



በዚህ ሴሚስተር አጋማሽ ላይ በጀመዓችን ንባብ ቤት ያለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አልነሳ አለ። ማብሪያውን ብንጫን መብራት የለም፣ ድምፅም የለም። ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በራሱ ጊዜ እየጠፋ ይነሳ ነበር። አብዛኞቻችን አይተነዋል፤ ነገር ግን «ሌላ ሰው ይናገራል» ብለን አለፍነው። ላፕቶፕ የሌላቸው ተመራቂ እህትና ወንድሞቻችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩት በዚሁ ኮምፒውተር ስለነበር፣ የተበላሸው አንድ ዕቃ ብቻ አልነበረም።

በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳብ ተነሣ። አንደኛው «አርጅቷል፤ ለቆራሌው ሸጠን ለአዲስ እናዋጣ» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ፊውዙ ነው የተቃጠለው፤ በቀጭን ሽቦ አያይዘን እናስነሳው» የሚል። ሁለቱም በቅንነት የቀረቡ ሐሳቦች ናቸው። እኛ ግን ሁለቱም ስህተት ነበሩ እንላለን። ስህተታቸውም አንድ ነው፦ ሳይለኩ መፍረድ።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ኤሲ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚሠራው በ12፣ በ5 እና በ3.3 ቮልት ዲሲ ነው። ይህን ለውጥ የሚያደርገው ከኋላ በኩል ገመድ የሚሰካበት የብረት ሳጥን፣ ማለትም ፓወር ሰፕላዩ ነው። እሱ ሲሞት ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፤ ማዘርቦርዱ፣ ሚሞሪውና ሃርድ ዲስኩ ግን ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲህ «ሞቷል» ብለን ለቆራሌው ሰጥተነው ቢሆን ኖሮ፣ የወራት ድካም የተጻፈበትን ሃርድ ዲስክ አብረን በኪሎ በሸጥነው ነበር። የሰው ሥራ በእጃችን ያለ አማና ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ወጪ የለውም። ሶኬቱንና ማከፋፈያውን በሌላ ዕቃ መሞከር፣ ገመዱን መቀየር፣ ከሳጥኑ ኋላ ያለውን ማብሪያ ማየት ይበቃል። በቆዩ ሳጥኖች ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለ። በእኛ አገር 230 ላይ መሆን አለበት፤ አንድ ሰው በጨዋታ ወደ 115 ካዞረው ሳጥኑ በተሰካበት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ስናገኘው፣ ኤሌክትሪካል የምታጠና እህታችን ሳጥኑን ከኮምፒውተሩ አውጥታ፣ በመስጂዱ አቅራቢያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወደሚጠግኑ አንድ አባት ዘንድ ወሰድነው። ባለ 24 ፒኑ ሰፊ ማያያዣ ላይ አረንጓዴውን ገመድ ከጥቁሩ ጋር በሽቦ ሲያገናኙት ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ፋኑን ያዞራል። የእኛው አልዞረም። ቀጥለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ገመድ በመልቲሜትር ለኩ። ይህ ገመድ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬቱ ላይ እስካለ ድረስ 5 ቮልት ሊሰጥ ይገባል፤ ከ4.75 በታች መውረድ የለበትም። የእኛው 4.1 ብቻ አሳየ። ሲከፈት ሁለት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ፣ ፋኑም በአቧራ ታንቆ ተገኘ። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ካፓሲተሮቹን ቀስ በቀስ አድርቋቸዋል።

ፊውዙስ? ደህና ነበር። በሽቦ እናያይዘው ያልነው ፊውዝ ምንም አልሆነም። ብናደርገው ኖሮ ኮምፒውተሩ አይነሳም፤ ከእሳት የሚጠብቀንን ነገር ግን በገዛ እጃችን እናነሳው ነበር። ፊውዙ ተቃጥሎ ቢሆን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ሾርት ያደረገ ሌላ ክፍል ስላለ ነው። ያ ሳይገኝ ፊውዝ መቀየር ዋጋ የለውም፤ ሲቀየርም በተመሳሳይ አምፔር ብቻ ነው። መጻሕፍት በሞሉበት፣ ሰው በሚያነብበት ክፍል ውስጥ በሽቦ የታሰረ ፊውዝ ማስቀመጥ ቁጠባ አይባልም።

አባታችን አንድ ነገር አጥብቀው አስጠንቅቀውናል፤ እኛም እንደግመዋለን። ይህን ሳጥን ያልሠለጠነ ሰው አይክፈተው። በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ቪዲዮ አይቶ መክፈት ሕይወት ያስከፍላል።

ጥገናው ራሱ ረጅም አልነበረም። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው፣ ቮልታቸው ከድሮዎቹ የማያንስ፣ እስከ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችሉ ሁለት ካፓሲተሮች ተበየዱ፤ ፋኑም ተቀየረ። ከዚያ ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ አልሰካነውም። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ተያይዞበት ለሰዓታት ሲሠራ ቆየ፤ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ክልል ውስጥ መሆኑ ደጋግሞ ተለካ። በአራተኛው ቀን ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ጽሑፎቹም እንዳሉ ነበሩ፣ አልሐምዱሊላህ።

«አራት ቀን ለተመራቂ ብዙ ነው» ያሉን ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። በእነዚያ ቀናት ላፕቶፓቸውን በተራ ያዋሱ ወንድሞችና እህቶች ባይኖሩ ኖሮ ክርክራችን ትርጉም አይኖረውም ነበር። ደግሞ ሁሉም ነገር ይጠገን አንልም። ቦርዱ ከስሎ ወይም ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ከተገኘ፣ ወይም ሳጥኑ ከመነሻው ርካሽና መከላከያ የሌለው ከሆነ ይጣል። በግድ የተነሳ ፓወር ሰፕላይ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን የሚገዛው ሳጥኑ ብቻ እንጂ ሙሉ ኮምፒውተር አይደለም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ሁላችንም እናውቃለን። ከተማሪ ኪስ የሚዋጣ ገንዘብ ሳይለካ ሲወጣ ኢስራፍ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸሽግ እንናገር። ከመካከላችን «ለጀመዓ ስለሆነ በነፃ ይሥሩልን» ያልን ነበርን። ትክክል አልነበረም። ሰደቃ ሰጪው በፈቃዱ የሚያደርገው እንጂ እኛ የምንጥልበት አይደለም። የእጃቸውን ዋጋ ከፍለናል፤ ከፋኑ ዋጋ የቀነሱልን ግን በራሳቸው ፈቃድ ነው።

ከእንግዲህ የምንጠይቃችሁ ቀላል ነው። ከኮምፒውተሩ አጠገብ ደብተር አስቀምጠናል፤ ሲጠፋ፣ ሲጮህ፣ ሽታ ሲያመጣ ቀኑን ጻፉ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ቆይታችሁ ስኩ። ጽሑፋችሁን በፍላሽ ሌላ ቅጂ ያዙ። በየሴሚስተሩ መጨረሻም ሶኬቱ ተነቅሎ አቧራው ይጠረጋል፤ ተራ ይወጣል።

የጋራ ዕቃ ሁሉም ስለሚጠቀምበት ማንም የማይጠይቀው እየሆነ ይሞታል። የእኛው ሁለት ሳምንት ሙሉ ምልክት ሰጥቶናል። በቀጣይ ዓመት የሚመረቁት ወንድምና እህቶች ሲመጡ ሠርቶ እንዲያገኙት፣ ምልክቱን ያየ ሰው ይናገር።