በጆሮ የሚገባ ማርሽ

በቅርቡ በመኝታ ክፍላችን ስለ ጥንታዊ መኪኖች እሽቅድምድም ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን በአውሮፓ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩ ቤንትሌዎች ሲሽቀዳደሙ በፊልም አይቶ ኖሮ፣ «እንዲህ ያለ ጥበብ እኛ ዘንድ የት አለ?» አለን። ከመካከላችን ጫግኒ ያደግነው ሣቅን። ጥበቡ በደጃችን ሲያልፍ ነው ያደግነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ ካምቢዮ ውስጥ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስተካክል መሣሪያ የለም። ይህን መሣሪያ ካዲላክ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ማስተካከሉ የነጂው ሥራ ነበር። ማርሽ ዝቅ ሲያደርግ ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ፎሌ ያወጣል፤ ፍሪሲዮኑን ለቆ ነዳጅ በመስጠት ሞተሩን ያስጮኻል፤ ድምፁ ልክ ሲደርስ እንደገና ረግጦ ያስገባል። ካልተስማማ ጥርሱ ይንጫጫል እንጂ አይገባም። እሽቅድድመኛው ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በዚያው ቀኝ እግሩ ፍሬን እንደያዘ ነው። በእነዚያ ቤንትሌዎች ላይ የነዳጁ መርገጫ በፍሪሲዮንና በፍሬን መካከል ነበርና፣ እግርን ማለማመዱ ራሱ አንድ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኮሶበር ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጫግኒ 1600 ገደማ። ኤንትሬ የምንለው የፊያት ከባድ መኪና ጭኖ ይህን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሾፌሩ ያንኑ የቤንትሌ ነጂ ሥራ ይሠራ ነበር። ልዩነቱ እርሱን የሚያጨበጭብለት አለመኖሩና፣ ማርሹ ካልገባ የሚያጣው ዋንጫ ሳይሆን ነፍስ መሆኑ ነው። ረዳቱም ሙያውን የሚማረው ከጎኑ ተቀምጦ በጆሮው ነበር።

«ዛሬ መኪናው ራሱ ያስተካክላል፤ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉን አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ በሜዳ ላይ እኛም አንከራከርም። ነገር ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት በፎሌ የሚለቀው ሾፌር ጥቂት አይደለም። በፎሌ ሲወርድ ሞተሩ መኪናውን አይዝለትም፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ይግላል፤ ከጋለ በኋላ መያዙን ይተዋል። በዚያች ሰዓት ማርሽ ላስገባ ቢል ጎማው ከሞተሩ እጅግ ፈጥኗልና አዲሱም ካምቢዮ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ የሚያድነው ቢኖር ያ የድሮው ሙያ ነው፤ የተሻለው ግን ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ማርሹን ቀንሶ መጀመር ነው።

ከመካከላችን አንዱ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ያሠለጠኑት በሜዳ ላይ ነበር፤ በኮረብታ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልወሰዱትም። ይህ ሊታረም ይገባል እንላለን። ጭነት መኪና ሊነዳ የሚሻ ሁሉ በእውነተኛ ቁልቁለት፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያበዛ መውረዱ ሳይታይ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም። የቴክኖሎጂ ተማሪዎችም ስለ ጥርስ ስሌት ስንማር እነዚህን ሽማግሌ ሾፌሮች አለመጠየቃችን ያስወቅሰናል፤ ፈተና ላይ የሚያስቸግረንን ነገር እነርሱ በእግራቸው ያውቁታልና።

በመጪው ክረምት ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በኤንትሬ ያረጁትን የጫግኒን ሾፌሮች ቁጭ ብለን ልንጽፋቸው ተስማምተናል። መጀመሪያ የምንጠይቃቸውም፣ ማርሹ አልገባ ያላቸው ቀን ምን እንዳደረጉ ነው።