ያልተቆጠረ ቀበሌ፣ ያልደረሰ መንገድ

ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከቆጠራው ማግስት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል፤ ሆኖም በአገሩ ቆጠራ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተካተተም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ጉዳዩ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ለገጠር ቀበሌ ግን የመንገድ ጉዳይ ነው።

የፌዴራል ድጎማ ቀመርን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ የሕዝብ ብዛት ከቀመሩ ዋና ዋና መሠረቶች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቆጠረው ሕዝብ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆነውም በገጠር ይኖር ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የዛሬውን ቁጥር ከ130 ሚሊዮን በላይ ይገምተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በየትኛው ወረዳና ቀበሌ እንደሚኖር በትንበያ እንጂ በቆጠራ አይታወቅም። ትንበያ ደግሞ ጦርነት ያፈናቀለውን፣ ድርቅ ያሰደደውን፣ ወደ ከተማ የፈለሰውን በቀበሌ ደረጃ ለይቶ ማሳየት አይችልም።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማው ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ማገናኘት ነበር። ዓላማው የሚመሰገን ነው። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። መንገዱ ቀበሌው ማዕከል ከደረሰ ቀበሌው “ተገናኝቷል” ይባላል፤ ከወንዝ ማዶ ያለው ጎጥ ግን በሐምሌና በነሐሴ እንደ ቀድሞው ይቆረጣል። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ትወሰዳለች፤ ማዳበሪያው ከዘር ወቅት በኋላ ይደርሳል። የዘላቂ ልማት ግቦች መለኪያ 9.1.1 የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ከገጠሩ ነዋሪ ምን ያህሉ ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ይኖራል? ለዚህ መልስ ለመስጠት ሰዉ የት እንደሚኖር ማወቅ ግድ ነው።

እኛ ያለንባት ስዊድን ሕዝቧን በየአጥቢያው በካህናቷ አማካይነት ማስቆጠር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1749 ነው። ዛሬም ከገጠር መንገዶቿ ብዙዎቹን የሚጠግኑት የአካባቢው ባለይዞታዎች የመሠረቷቸው የመንገድ ማኅበራት ናቸው፤ መንገዱ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን መንግሥት ድጎማ ይሰጣል። መንገድ ሠርቶ መሄድ ብቻ ሳይሆን ጠጋኙ ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን እንደሚገባ ይህ ልምድ ያስተምራል። የስዊድን ዓለም አቀፍ ልማት ትብብር ድርጅትም (ሲዳ) ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ የገጠር ልማት ፕሮግራም ደግፏል። ስለዚህ የዚህ አገር ምክር ቤት ለጉዳዩ ባዕድ አይደለም።

ጸጥታ ባልሰፈነበት አገር ቆጠራ አይታሰብም የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ የ1999ኙ የአማራ ክልል ውጤት ከተጠበቀው በማነሱ ያስነሳው ክርክርም የቆጠራ ተአማኒነት ምን ያህል ስሱ ጉዳይ እንደሆነ አሳይቷል። ነገር ግን ማራዘም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ ቆጠራን ባይተካም በቀበሌ ደረጃ አሁኑኑ ሊጠናከር ይችላል።

ስለዚህ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያነሱ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ስዊድን የምትደግፈው የመንገድ ሥራ ውጤቱን በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በክረምት በሚደርስላቸው ሰዎች ቁጥር ይገልጻል ወይ? ሁለተኛ፣ የጥገናው ወጪ ከግንባታው ጋር አብሮ ተበጅቷል ወይ? ሦስተኛ፣ ከልማት ትብብሩ ለወሳኝ ኩነት ምዝገባና ለገለልተኛ ቆጠራ ዝግጅት የተመደበ ድርሻ አለ ወይ?

መንገድ የሚሠራው ለሰው ነው። ሰዉን ሳይቆጥሩ መንገዱ ደርሶለታል ማለት አይቻልም።