ለቅሶ ከመድረስ በሕይወት መጠየቅ

ከዴንቨር እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት በአየር ቀጥታ ሲለካ ወደ 13,400 ኪሎ ሜትር፣ በማይል 8,300 ያህል ነው። ከዴንቨር ተነሥቶ ቦሌ የሚያርፍ ቀጥታ በረራ ስለሌለ መንገደኛው በዋሽንግተን፣ በቺካጎ፣ በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል በኩል ይዞራል። በዋሽንግተን በኩል የሄደ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ በርሮ፣ አውሮፕላን እስኪቀይር ጠብቆ፣ እንደገና 13 ሰዓት ያህል ይበራል። ከአውሮራ ቤቱ ወጥቶ የቦሌን መሬት እስኪረግጥ አንድ ሙሉ ቀን ቢያልፍ አይደንቅም።

ይህ ቁጥር ዘመድ ለመጠየቅ ለሚሄድ ሰው ድካም ብቻ ነው። ለቀብር ለሚጣደፍ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንዲት እናት አዲስ አበባ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ዐረፉ እንበል። በበረዶው ወራት ዴንቨር በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እዚህ ገና የዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ነው። ቀብሩ በዚያው ዕለት በ9 ሰዓት ሲፈጸም በዴንቨር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። ሬሳ ሳይቆይ መቅበር በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የኖረ ልማድ ነው። መርዶም እንደ ወጉ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጆች ተጠራርተው ማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። እነርሱ ሲያንኳኩ አፈሩ ተመልሷል። ልጅ በዚያው ቀን ቲኬት አግኝቶ ቢሮጥ እንኳ፣ ቢቀናው የሚደርሰው ለሠልስት ነው።

ቀጥታ በረራ እንዲጀመር መመኘት ተገቢ ነው። ቢጀመርም ግን የ15 ሰዓት ያህል መንገድ ነውና ይህን ስሌት አይለውጠውም።

ታዲያ ዕቁቡም፣ ብድሩም፣ የዓመት ዕረፍቱም ለምን ለለቅሶ ይጠበቃል? እናት በስልክ «መቼ ነው የምትመጣው?» ባሉ ቁጥር መልሱ «ለከርሞ» ነው። ለመርዶ ቀን ግን በአንድ ጀንበር ገንዘቡም ፈቃዱም ይገኛል፤ ያውም ቲኬቱ እጅግ በተወደደበት ሰዓት።

በእርግጥ ሁሉም አንድ አይደለም። ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ቢወጣ መመለሻ የለውምና አይወቀስም። ሁለት ሥራ እየሠራ ልጆች የሚያሳድገውም ችግሩ እውነተኛ ነው። በየወሩ የሚላከው ገንዘብም መድኃኒት ይገዛል፣ ጣሪያ ይጠግናል። የልጅን ፊት ግን አይተካም።

ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ1995 ከአክሱም ጋር የእህትማማች ከተማነት ስምምነት አድርጋለች፤ አውሮራም ከአዳማ ጋር እንዲሁ። ከተሞች እንኳ ይህን ያህል ርቀት ተሻግረው ሲዛመዱ፣ መሄድ የሚችል ልጅ ለወላጁ ቀን ቢቆርጥ አይበዛም።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። አቅሙም ወረቀቱም ያለው ወገን በዚህ ሳምንት ፓስፖርቱንና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን አውጥቶ የሚያበቃበትን ቀን ይመልከት፤ ለሚመጣው ዓመትም ፈቃዱን ካሁኑ ይጠይቅ። ቦሌ ላይ ጥቁር ለብሶ ከመውረድ፣ እናት ራሳቸው ወጥተው ሲቀበሉ መውረድ ይሻላል።