የማታው ትምህርት ለገበሬው ልጅም ይድረሰው

ኅዳር ሲገባ በፎገራ ሜዳ ሩዙ ይደርሳል። በዚያው ሰሞን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ቀሪው ይበዛል። ማጭድ ይዞ የዋለው ተማሪ ሰንፎ አይደለም። የደረሰ ሩዝ ቆሞ ከሰነበተ ይረግፋል፤ የቀን ሠራተኛ ዋጋም በአጨዳ ወቅት አይቀመስም። ሩዙ ተወቅቶ ሲገባ ደግሞ ከርብና ከጉማራ ውኃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርት ይተከላል። ጥር ላይ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲመጣ ልጁ ያመለጠውን ትምህርት ተሸክሞ ይቀርባል፤ አለዚያም ጨርሶ ይቀራል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ መጠጊያ ይሆናል የሚባለው አማራጭ የማታና የርቀት ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ የማታው መርሐ ግብር የተሰፋው በከተማ ሰው ልክ ነው። ቢሮ ወይም ሱቅ ውሎ ደብተሩን ይዞ ለሚመጣ ይመቻል። ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ የሚኖር ወጣት ግን ከመሸ በኋላ ከክፍል ወጥቶ ወደ ቀበሌው እንዴት ይመለሳል? የሴት ልጅማ ነገር አይነሣ፤ በዚያ ሰዓት ልጁን በጨለማ የሚልክ ወላጅ የለም። የርቀቱም ቢሆን ሞጁል ሰጥቶ መሸኘት ብቻ ከሆነ፣ ሒሳብና ፊዚክስን ብቻውን የሚወጣ ተማሪ ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመምህር ፊት ለተቀመጠው እንዲህ የከበደ ፈተና፣ ሞጁል ብቻ ለያዘው እንዴት ይቀልለታል?

“የሚያርስ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ምን ያደርግለታል?” የሚሉም አይጠፉም። በሽንኩርቱ ላይ የሚረጨው የፀረ ተባይ መድኃኒት መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ መጠኑን ማስላትም ሒሳብ ነው። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም፣ የግብርና ኮሌጅም አለ። ከአጥሩ ማዶ የሚያርሰው ወጣት ኮሌጁን ልማር ቢል የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ነው። በክልሉ በጸጥታ ችግር ከትምህርት ገበታ ርቀው የቆዩት ሲመለሱ ደግሞ ዕድሜያቸው ከመደበኛው ክፍል ያለፈ ብዙዎች ይሆናሉ። ያኔ አማራጩን የሚሻው ሰው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መፍትሔው አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። በየቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል ተሠርቷል፤ ብዙዎቹ ከስብሰባ ቀን በቀር በራቸው ተዘግቶ ይውላል። ገበሬው በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ ወልድ በሬ አይጠምድም። ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ለወጣቱ ነፃ ነው። የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር በእነዚያ ቀናት ወደ ማዕከሉ ቢወርድ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የባዮሎጂውን ትምህርት ከማሳው ጋር እያገናኘ ቢያግዝ፣ የርቀት ተማሪው ብቻውን አይቀርም። ለመምህሩ የመጓጓዣና የውሎ አበል ማስፈለጉ እርግጥ ነው፤ ወረዳው በጀት ሲይዝ ይህን ካልቆረጠ ሐሳቡ ወረቀት ላይ ይቀራል። የመንፈቁን የትምህርት ቤት ፈተናም ለአማራጭ ተማሪዎች ሽንኩርቱ ተተክሎ እጅ ወደሚላላበት ወደ የካቲት መግፋት ይቻላል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ በመስከረሙ የምዝገባ ቅጽ ላይ የተማሪው ቀበሌና ቤተሰቡ የሚያመርተው ሰብል የሚጻፍበት አንድ መስመር ይጨመር። ርእሰ መምህሩ ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚቀር ቀድሞ ያውቀዋል።