ሳይታሰብ ድርግም የሚል ኮምፒዩተር

የኮምፒዩተር አገልግሎት በትላልቅ ከተሞች ብቻ ሳይወሰን ወደ ወረዳ ከተሞችም መዝለቁ ይታወቃል። በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዛሬ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጻፈው፣ የደመወዝ መዝገብ የሚያዘው በኮምፒዩተር ነው። ከመሥሪያ ቤትም ሌላ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማተሚያ በጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ማመልከቻ እየጻፉ፣ ቅጽ እየሞሉ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት በመጀመሩ፣ መሣሪያው የልጆቻችንም ጉዳይ ሆኗል።

ታዲያ ይህ መሣሪያ በሥራ መካከል ሳይታሰብ ድርግም ሲል የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ሦስት ገጽ የተጻፈበት የፍርድ ቤት አቤቱታ ሳይቀመጥ ይጠፋል፤ ባለጉዳዩ ቀጠሮው ያልፍበታል፤ ጸሐፊዋ የቀን ገቢዋን ታጣለች። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚወስዱት እርምጃ ኮምፒዩተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር መውሰድ ነው። እዚያ ጠጋኙ ከፍቶ ሲሞክረው ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል። ገንዘብ ተከፍሎ ወደ ቤት ሲመለስ ግን በማግሥቱ እንደገና ይጠፋል። ጥፋቱ ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከቤቱ ኤሌክትሪክ ሊሆን እንደሚችል ያሰበ አልነበረምና።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ከሁሉ በፊት ሥሩን መለየት ይገባል። ይህን ለማድረግ ምሕንድስና መማር አያስፈልግም። እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱ መስማቱንና አለመስማቱን ከእንጀራው ዓይን ትረዳለች። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ሕመሙን የሚናገረው በአጠፋፉ ነው።

አጠፋፉን ማስተዋል

ኮምፒዩተርዎ ሲጠፋ ሦስት ጥያቄዎችን ለራስዎ ያቅርቡ። አንደኛ፣ የጠፋው በድንገት ነው ወይስ እየዘጋ መሆኑን በመስታወቱ ላይ አሳይቶ ነው? ሁለተኛ፣ ከተከፈተ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው? ሦስተኛ፣ በዚያች ቅጽበት በቤት ውስጥ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ምን ይሠራ ነበር? መልሱን ለአንድ ሳምንት ያህል ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው በደብተር ላይ ይጻፉ። ይህ ደብተር ከጊዜ በኋላ ወደ ጠጋኝ መሄድ ቢያስፈልግ እንኳ ብዙ ወጪ ያድናል።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ

በአገራችን ለቤት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ይሁን እንጂ በረጅም መስመር ጫፍ ላይ በሚገኙ ቤቶች፣ በተለይም ብዙ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት፣ ቮልቱ ከዚህ ዝቅ ይላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ኃይል ይስባል። አንድ ተራ የቢሮ ኮምፒዩተር ግን የሚፈልገው ከ100 እስከ 200 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ ምጣዱ በተጣደ ቁጥር ኮምፒዩተሩ የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ሁለቱን በተለያየ ሰዓት መጠቀም፣ ወይም ለምጣዱ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመር በባለሙያ እንዲዘረጋለት ማድረግ ይገባል። ከአንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድንም ኮምፒዩተርንም መሰካት ኮምፒዩተሩን ከማጥፋት አልፎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች «አምፖሉ ሳይደበዝዝ ኮምፒዩተሩ እንዴት በኤሌክትሪክ ምክንያት ይጠፋል?» ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው። ኮምፒዩተር የኃይል መቋረጥን ሊታገሥ የሚችለው ከሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ለማይበልጥ ጊዜ ያህል ነው። ይህን ያህል አጭር መቋረጥ ዓይናችን ላያየው ይችላል። ከዚህም ሌላ የአሁኖቹ ኤልኢዲ አምፖሎች ቮልቱ ሲወርድም ሳይደበዝዙ ሊያበሩ ስለሚችሉ፣ እንደ ቀድሞው አምፖል ለምስክርነት አይበቁም። ስለሆነም የቮልት መጠን የሚያሳይ ስታቢላይዘር ካለ ቁጥሩን መመልከት ይሻላል።

የኮምፒዩተሩ የኃይል ሳጥን፣ ማለትም ፓወር ሰፕላይ፣ በላዩ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለቮልት መውረድ ቻይ ነው። ከ200 እስከ 240 የሚል ከሆነ ግን ቮልቱ ጥቂት ሲወርድ ይጠፋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ፣ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቁጥር ያለበት ትንሽ መቀያየሪያ እንዳለው ይመልከቱ። አሜሪካ 120 ቮልት ስለምትጠቀም መቀያየሪያው በ115 ላይ ተደርጎ ሊመጣ ይችላል። ገመዱ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 ካልተዞረ የኃይል ሳጥኑ ወዲያው ይቃጠላል።

ዩፒኤስ የተባለው ባለባትሪ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች «እኔ ዩፒኤስ አለኝ» ብለው ይዘናጋሉ። የዩፒኤስ ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ቢያገለግል ነው። ባትሪው ከሞተ መሣሪያው ራሱ የመጥፋት ምክንያት ይሆናል። ለመሞከር ያህል ኮምፒዩተሩን ለሁለት ቀን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክተው ይሥሩ። በዚህ ጊዜ መጥፋቱን ከተወ በሽተኛው ዩፒኤሱ ነው። በተለይ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ የተሰማራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሌዘር ማተሚያ ወረቀት ለማተም ሲግል ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ይስባል። ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰካ፣ «አትም» ባሉት ቁጥር ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። ማተሚያውን ለብቻው በሌላ ሶኬት ላይ መሰካት ያለ ምንም ወጪ ችግሩን ያስወግዳል።

ጎረቤቶችዎም ተመሳሳይ ችግር ካላቸው ደግሞ የመስመሩ ችግር ነውና ተሰባስቦ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሰው ደብተር ለዚህም ማስረጃ ይሆናል።

ብርዱ አያታልለን

ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃዎች ወይም ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ የሚጠፋ፣ ወዲያው ሲከፍቱት ደግሞ ቶሎ የሚጠፋ፣ ካረፈ በኋላ ግን ደህና የሚሠራ ከሆነ ምክንያቱ ሙቀት ሊሆን ይችላል። የኮምፒዩተሩ አንጎል ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ሲል ይጠፋል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው።

በጋይንት የሚኖሩ አንባቢያን «በዚህ ብርድ ምን ሙቀት አለ?» ሊሉ ይችላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ሙቀቱን የሚያወጣው በአየር አማካይነት ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል። ብዙ ፋብሪካዎችም ለኮምፒዩተሮቻቸው የሚወስኑት የከፍታ ገደብ 3000 ሜትር ያህል ነው። የጠዋቱ ብርድ ይህን ጉድለት ሊያካክስ ይችላል። ነገር ግን ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነ፣ ወይም ፀሐይ በቀጥታ የምትመታው መስኮት ሥር ከተቀመጠ ብርዱ አያድነውም። ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የስማዳ ቆላማ ክፍል ደግሞ አየሩ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ጥንቃቄው መጨመር አለበት።

እዚህ ላይ የቤት አያያዛችንም ይነሣል። በብዙ ቤት ኮምፒዩተር ከአቧራ እንዲጠበቅ በሚል በዳንቴል ይሸፈናል። ሲጠፋ መሸፈኑ መልካም ነው፤ እየሠራ ሳለ ግን ዳንቴሉ የአየር ማስወጫውን ስለሚዘጋ መነሣት አለበት። የቡና ከሰልና የእጣን ጢስ፣ የወጥ ቤት ቅባት ያለው እንፋሎትም ወደ ውስጥ ገብቶ ከአቧራው ጋር ሲደባለቅ በማራገቢያው ላይ እንደ ጭቃ ይጋገራል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ከምድጃና ከረከቦት አርቆ፣ ከወለሉም አንሥቶ በጠረጴዛ ላይ ማድረግ፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ማራቅ ይገባል።

አቧራውን ለማጽዳት የሚከተለውን ተራ ይከተሉ። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ይዝጉና ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ። ከዚያም የመክፈቻውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭነው ይያዙ፤ በውስጡ የቀረው ኃይል ይወጣል። ሳጥኑን ወደ በረንዳ አውጥተው የጎን ክዳኑን ይክፈቱ። ውስጡን ከመንካትዎ በፊት የሳጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ። ደረቅና ለስላሳ በሆነ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ቀስ ብለው ያራግፉ፤ የማራገቢያው ክንፍ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይያዙት። እርጥብ ጨርቅ አይጠቀሙ፤ በአፍዎም አይንፉ፤ ምራቅ ያርፍበታልና። በበጋ ወራት አቧራው ስለሚበዛ ይህን በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ማድረግ ጥሩ ነው። ክዳኑን መልሰው ሲከፍቱት ማራገቢያው በትክክል መሽከርከሩን ከጀርባው በኩል ይመልከቱ። ካልዞረ ወይም እየተንሸራተተ ከጮኸ መለወጥ አለበት።

ለባለሙያ የሚተው

ኤሌክትሪኩም ሙቀቱም ደህና ሆኖ ኮምፒዩተሩ መጥፋቱን ካልተወ ጥፋቱ በውስጥ ዕቃዎች ላይ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚደክመው የኃይል ሳጥኑ ነው። ይህን ሳጥን በምንም ምክንያት ራስዎ አይክፈቱት። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ልጆችም እንዳይነኩት አጥብቀው ይንገሯቸው። ባለሙያው በሌላ ደህና ሳጥን ለውጦ በመሞከር በአጭር ጊዜ ይለየዋል።

በዋናው ሰሌዳ ላይ እንደ ትናንሽ ጣሳ የቆሙ ዕቃዎች አሉ፤ ካፓሲተር ይባላሉ። ጫፋቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ይጠፋል። ይህ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ችግር ነው። ዴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. ካፓሲተራቸው የተበላሹ ሰሌዳዎችን ለመለወጥና ለማደስ 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል መድቦ ነበር። አሮጌ ኮምፒዩተር ሲገዙ ክዳኑን አስከፍተው እነዚህን ጣሳዎች መመልከት አስተዋይነት ነው።

ራሱ አዝዞ የሚጠፋ

ኮምፒዩተሩ የሚጠፋው «እየዘጋሁ ነው» የሚል ማስታወቂያ አሳይቶ ከሆነ ኤሌክትሪኩንም አቧራውንም አይውቀሱ። ትእዛዙ የመጣው ከውስጥ ፕሮግራም ነው፤ ወይ አዲስ ማሻሻያ ጭኖ ነው፣ ወይም ቫይረስ ገብቶበታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተሠራጨው ብላስተር የተባለ ቫይረስ 60 ሴኮንድ ከቆጠረ በኋላ ኮምፒዩተሮችን ያጠፋ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ፍላሽ ዛሬም ዋነኛ የቫይረስ ማመላለሻ ነው፤ የደንበኛን ፍላሽ ሳይመረምሩ አይክፈቱ። በዊንዶውስ ውስጥ ኢቨንት ቪወር የተባለ መዝገብ አለ። በዚያ ላይ 41 የሚል ቁጥር ከተመዘገበ ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ በድንገት ጠፍቷል ማለት ነው፤ 1074 የሚል ከሆነ ግን ታዝዞ ነው የተዘጋው። ይህን ቁጥር በደብተርዎ ላይ ቢጽፉት ለጠጋኙ ትልቅ መንገድ ያሳያል።

ሥራን ማዳን

ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ሥራ መቆም የለበትም። በየአንቀጹ መጨረሻ ኮንትሮልና ኤስ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ልማድ ይሁን። የዎርድ ፕሮግራም ራሱ በየ10 ደቂቃው መልሶ ማግኛ እንዲያስቀምጥ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ይህን ወደ 2 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ማታ ማታም የቀኑን ሥራ በራስዎ ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። በተደጋጋሚ በድንገት መጥፋት ጽሑፍ የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ ራሱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ «ልማዱ ነው» ብሎ መተው አይገባም።

«የኮምፒዩተር ነገር የወንዶች ነው» እየተባለ ብዙ እናቶች የገዛ መሣሪያቸውን ለመመርመር ሲፈሩ ይታያሉ። ይሁንና ምጣዱ መቼ እንደሚጣድ፣ ዳንቴሉ የት እንደተደረገ፣ ማተሚያው ከየትኛው ሶኬት ላይ እንደተሰካ የምታውቀው በቤቱና በሥራው ውስጥ የምትውለው እርሷ ናት። ለጠጋኝ ከሚከፈለው ገንዘብና ከአውቶቡስ ጉዞው አስቀድሞ፣ አንድ ደብተርና አንድ ሳምንት ማስተዋል መቅደም አለባቸው።