ስሙን ሳይሆን ሥራውን እንመርምር

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ብራውዘሮች ለድረ ገጾች የሚናገሩትን ስም ያወጣው ግን የገበያ ሽሚያ ነው።

እንደሚታወቀው አንድ ብራውዘር ገጽ ሲጠይቅ ማንነቱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አብሮ ይልካል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ «ሞዚላ» የኔትስኬፕ መጠሪያ ነበር፤ አንዳንድ የድረ ገጽ አዘጋጆችም የተሻለውን ገጽ የሚልኩት ይህን ስም ለያዘ ብቻ ነበር። ስለሆነም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ራሱን «ሞዚላ» ብሎ አስተዋወቀ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ዛሬም የክሮም፣ የሳፋሪና የኤጅ መግለጫ የሚጀምረው በዚሁ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ኦፔራ 10ኛ እትሙን ሲያወጣ፣ የመጀመሪያውን አሃዝ ብቻ የሚያነቡ ገጾች «1» ነው ብለው እንዳይሳሳቱ፣ በመግለጫው መጀመሪያ 9.80 ብሎ ለመጻፍ ተገደደ።

የእትም ቁጥርም ቢሆን አስተማማኝ ምስክር አይደለም። የሒሳብ ቀመሮችን በድረ ገጽ ላይ ለመጻፍ የሚያገለግለውን ማትኤምኤልን እንውሰድ። ክሮም በ24ኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ችሎታ አገኘ፤ በ25ኛው አጣው፤ መልሶ ያገኘው በ2023 በ109ኛው እትም ነው። «24ኛው ከቻለ 25ኛው አያቅተውም» ያለ አዘጋጅ ተሳስቷል፤ «ክሮም አይችልም» ብሎ ጽፎ የተወውም ዛሬ ተሳስቷል።

እኛ በቤተ ሙከራ አንድ ሽቦ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ለማወቅ የፋብሪካውን ምልክት አናነብም፤ ኤሌክትሪክ እናሳልፍበታለን። በብራውዘርም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ወርዱ 77፣ ቁመቱ 23 ፒክስል የሆነ ባዶ ቦታ በማትኤምኤል አዝዘን፣ ከተመልካች ዐይን ሰውረን፣ የተሳለውን እንለካለን። ልኩ ከትእዛዛችን ጋር ከተስማማ ብራውዘሩ ችሎታው አለው፤ ካልተስማማ ቀመሩን በሥዕል እናቀርባለን። ስሙን መጠየቅ አላስፈለገንም።

እርግጥ በሙከራ የማይያዙ አንዳንድ ስሕተቶች አሉ፤ ያን ጊዜ ስምን ማንበብ የመጨረሻው አማራጭ ይሆናል። የመጀመሪያው ሲሆን ግን ጉዳቱ በሰው ላይ ይደርሳል። አሮጌ ስልክ ወይም ብዙም የማይታወቅ ብራውዘር የያዘ ተማሪ፣ መሣሪያው ትምህርቱን ማሳየት እየቻለ «ብራውዘርዎ አይሠራም» ተብሎ ከደጅ ይመለሳል።

ነገ ድረ ገጽ የምታዘጋጁ ተማሪዎቻችን ሆይ፣ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት እንግዳውን ስሙን ሳይሆን የሚችለውን መርምሩ።