ሁለት ባላ የማያድንበት ቦታ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ብሂል በስደት የሚኖር ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ እየሠራ፣ አንዱ ቢቋረጥ በሌላው የቤት ኪራዩን የሚከፍል ወገን በየከተማው ሞልቷል። ይሁን እንጂ ይህ መልካም ምክር ከነአካቴው የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ። እርሱም በራዲዮ የሚበረር ባለ ሁለት ሞተር ሞዴል አይሮፕላን ነው። «አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ይመልስልኛል» ብሎ ሁለተኛውን ሞተር እንደ መጠባበቂያ የሚቆጥር ሰው፣ የብርዱን ወራት ሙሉ የደከመበትን ሥራ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከመሬት ጋር ሲላተም ሊያይ ይችላል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አንደኛ፣ ገንዘብ አለበት። ሁለተኛ፣ ሦስትና አራት ኪሎ የሚመዝንና እንደ ቢላዋ የሚቆርጡ ሁለት ፕሮፔለሮች የሚያሽከረክር ነገር አየር ላይ ይወጣል። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ልጅ አለበት። አባት ወይም አጎት ከልጅ ጋር ጠረጴዛ ከቦ አንድ ነገር በእጁ የሚሠራበት ሰዓት በስደት ኑሮ ውድ ነው። የዚያ ሰዓት ፍሬ በመጀመሪያው በረራ ሲደቅ ልጁ ይዞት የሚመለሰው ትምህርት «አይሆንልንም» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተርና የማረፊያ እግር ሲመረጡ መታሰብ ያለበት የመጀመሪያው ቀን ፎቶግራፍ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ በረራ ነው።

ኢትዮጵያዊ ገንቢ ባለ ሁለት ሞተር ሲያስብ ልቡ ወደ ዲሲ 3 ቢሄድ አይፈረድበትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዳግላስ ሲ 47 ነበር። ሲ 47 ደግሞ የዲሲ 3 የጦር ሠራዊት ወንድም ነው። የእውነተኛው አይሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሞተር 1200 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የእውነተኛው አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ሆኖ ሲሠራ የሞዴሉ ክንፍ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሲቀባ ደግሞ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን ቀለሙ አያበረውም፤ የሚያበረውንም ሆነ የሚጥለውን ነገር ማወቅ ይገባል።

ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ሞተሮቹን የተሸከመው በግራና በቀኝ ክንፎቹ ላይ ነው። የግራው ቢጠፋ የቀኙ ብቻውን ስለሚጎትት አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል። ሲዞርም የቀኙ ክንፍ ከግራው ይልቅ አየሩን በፍጥነት ስለሚቀዝፍ ወደ ላይ ይነሣል፤ የግራው ዝቅ ይላል። የቆመው ፕሮፔለርም በበኩሉ አየሩን እየገታ ነገሩን ያባብሰዋል። አይሮፕላኑ ፍጥነት ከሌለው፣ በተለይም ገና ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ከሆነ፣ የጭራው መሪ ያንን ጉተታ ለመመለስ አቅም ያጣል። ያን ጊዜ ተገልብጦ ይወርዳል። በትልቁ አይሮፕላን ውስጥ ያለ ፓይለት መዞሩን በመቀመጫው ይሰማዋል፤ ፊቱ ላይ መሣሪያ አለ፤ ለዚሁ ተብሎም ሠልጥኗል። የሞዴል አብራሪ ግን ርቆ መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚያየው። የትኛው ሞተር እንደጠፋ እስኪለይ ድረስ ነገሩ ያበቃል።

ሒሳቡም ቢሆን ከብሂሉ ጋር አይስማማም። አንድ ሞተር ከ50 በረራ አንድ ጊዜ ይጠፋል እንበል። ሞተሩ ሁለት ሲሆን ከሁለቱ አንዱ የሚጠፋው ከ25 በረራ አንድ ጊዜ ያህል ነው። እንግዲህ ሁለተኛው ባላ መደገፊያነቱ ቀርቶ ሌላ የመሰበሪያ ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

በመሆኑም ሞተር ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ይጎትታል?» ሳይሆን «ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ? ሳይቋረጡስ ይሠራሉ ወይ?» የሚል መሆን አለበት። በየሱቁና በየሜዳው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ግን «ኃይል ይብዛ እንጂ አይነስ» የሚል ነው። ለባለ አንድ ሞተር ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ለባለ ሁለት ሞተር ግን ከልክ ያለፈው ኃይል አንዱ ሲጠፋ አይሮፕላኑን የሚገለብጠው ያው ኃይል ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር ለሚሠራ ሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ይሻለዋል። እንደ ዲሲ 3 ረጋ ብሎ ለሚበር ሞዴል በአንድ ኪሎ 200 ዋት ያህል ይበቃል። ሞዴሉ 3 ኪሎ ተኩል ቢመዝን በጠቅላላው 700 ዋት፣ ለአንዱ ሞተር 350 ዋት ማለት ነው። 14.8 ቮልት ካለው ባለ 4 ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሲመገብ አንዱ ሞተር 24 አምፔር ግድም ይስባል። ስለዚህ 40 አምፔር የሚችል የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሳይጨነቅ ይሸከመዋል። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለሁለቱም ሙሉ ኃይል ቢሰጥ በ6 ደቂቃ ያህል ያልቃል፤ ኃይሉ ሲቀነስ ግን ዘለግ ላለ ጊዜ ያበራል። የሆነ ሆኖ ባትሪን እስከ መጨረሻው ማሟጠጥ ስለማይገባ በሰዓት ቆጣሪ ለክቶ ቀደም ብሎ ማረፍ ያስፈልጋል።

እኩልነቱ የሚጠበቀው በጥቃቅን ነገሮች ነው። ሁለቱም ሞተሮች ከአንድ ባትሪ ቢመገቡ አንዱ ቀድሞ አይደክምም። ሞተሮቹ፣ ፕሮፔለሮቹና የፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ። የመቆጣጠሪያዎቹም መነሻና መድረሻ ከራዲዮው ጋር እኩል ይለካ፤ አለዚያ አንዱ ሞተር ቀድሞ ይነሣል፣ ሌላው ይከተላል። ባትሪ ሲደክም ሞተሩን በድንገት የሚያቆመው ቅንብር ለባለ ሁለት ሞተር ጠላት ነው፤ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች በአንድ ቅጽበት ስለማያቆሙ ራሱ ጥበቃው አደጋውን ያመጣዋል። ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ቅንብር ይመረጥ። ሁለቱም መቆጣጠሪያዎች ለሪሲቨሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአንደኛው ቀይ ሽቦ መነቀል አለበት። ይህን ሁሉ አድርጎ ሁለቱን ሞተሮች በዋት መለኪያ ለየብቻ ለክቶ ማስተያየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

በነዳጅ ሞተር የሚያምኑ ሰዎች መልስ አላቸው። ድምፁ፣ ጭሱ፣ ሽታውም ሳይቀር የእውነተኛ አይሮፕላን ነው ይላሉ፤ አልተሳሳቱም። በሜታኖልና በዘይት ድብልቅ የሚሠራ ጥሩ ሞተር ካርቡራቶሩ በሚገባ ከተስተካከለ ለዓመታት ያገለግላል። ቢሆንም አንዱን ሞተር ማስተካከል የቻለ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ማስተካከል ቻለ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ የራሱ የነዳጅ ታንክ ያስፈልገዋል። ታንኩም ከካርቡራቶሩ ጋር በትክክለኛው ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት። ሁለቱም ነዳጅ በዛ ተደርጎላቸው ተስተካክለው፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ተይዞ ሙሉ ኃይል ሲሰጥ ሳይጎረብጡ መሥራት አለባቸው። የዙራቸው ቁጥር ጥቂት ቢለያይ ችግር የለውም፤ ከሚኒሞ ወደ ሙሉ ኃይል ሲሄዱ አንዱ መታፈኑ ነው ክፉው። በባለ አንድ ሞተር ሁለት ሦስት ዓመት ያሳለፈ ሰው ይሞክረው። ጀማሪ ግን ይታገሥ።

ኤሌክትሪክም የራሱ ዕዳ አለው። ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ የተጎዳ ወይም ያበጠ ከሆነ፣ ወይም በማይሆን ቻርጀር ከተሞላ፣ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ብዙ ወገን የሚኖረው ደግሞ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራበት አፓርታማ ውስጥ ነው። ማታ ምንጣፍ ላይ ሰክቶ መተኛት ከአይሮፕላኑ መከስከስ የከፋ ጥፋት ያመጣል። ሰው እያየው፣ በማይቃጠል ነገር ላይ ተቀምጦ ይሞላ። ለብዙ ቀናት የሚቀመጥ ከሆነም በአንድ ሴል 3.8 ቮልት ያህል ሆኖ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ማረፊያው እግር እንምጣ፤ እርሱም የዚሁ ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል ነው። አንዱ ሞተር ሲጠፋ የሞዴል አብራሪ ማድረግ ያለበት የትኛው እንደጠፋ መመራመር ሳይሆን ሌላውንም ወዲያው መዝጋት ነው። ከዚያ አፍንጫውን ዝቅ፣ ክንፎቹን እኩል አድርጎ ባለበት አቅጣጫ እንደ አሞራ አንሳፍፎ ማሳረፍ ነው። ከፍታና ፍጥነት ካለው በኋላ ቀስ አድርጎ ጥቂት ኃይል መልሶ መሞከር ይችላል። እንግዲህ ይህ አይሮፕላን የሚያርፈው በተጠረገ ሜዳ ላይ ሳይሆን የደረሰበት ሣር ላይ ነው። የማረፊያው እግር የሚመረጠው ለዚያች ቀን ነው።

ብዙ ገንቢዎችን የሚያማልለው ወደ ውስጥ የሚታጠፈው እግር ነው። አየር ላይ ሲታጠፍ ሲያዩት ደስ ይላል። ነገር ግን ክብደት ይጨምራል፤ ሞተር፣ ጥርስና ፒን ስላለው የሚበላሽ ነገር ያበዛል፤ ከሁሉ በላይ የሚታሰረው በሞተሩ ቤት ውስጥ ባለች ትንሽ ኮምፔንሳቶ ላይ ስለሆነ አንድ ሻካራ ማረፍ ከነመሠረቱ ይገነጥለዋል። ጥርሱ ውስጥ አሸዋ ገብቶ አንዱ እግር ወጥቶ ሌላው ቢቀር ደግሞ ያው የሁለቱ ባላ ነገር ተመለሰ ማለት ነው። ለመጀመሪያው ሞዴል የማይታጠፍ፣ 4 ሚሊ ሜትር ግድም ውፍረት ባለው ጠንካራ የብረት ሽቦ የተሠራ እግር ይበቃል። ኮምፔንሳቶው ከክንፉ ዋና አጥንት ጋር በሚገባ በኮላ ይያያዝ። እግሩ በናይሎን ብሎን ቢታሰር ደግሞ ሲመታ ብሎኑ ይቆረጣል እንጂ ክንፉ አይሰበርም። የብሎኑ ዋጋ ሳንቲም ነው፤ ክንፉ ግን የወር ሥራ ነው።

«እግሩ ካልታጠፈ ዲሲ 3 አይመስልም» ለሚሉ የራሱ የዲሲ 3 ታሪክ መልስ አለው። የእውነተኛው ዲሲ 3 ዋና ጎማዎች ሲታጠፉ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይደበቁም፤ ከሞተሩ ቤት ሥር ከፊላቸው ወጥቶ ይታያል። በዚህም የተነሣ እግሩ ሳይወርድ በሆዱ ቢያርፍ ጉዳቱ ይቀንሳል። የዳግላስ መሐንዲሶች የክፉውን ቀን አስበው ነበር ማለት ነው። የሚታጠፍ እግር የግድ የሚፈልግ ሰው ከውበቱ ጋር ይህንንም ጥንቃቄ ይውሰድ።

የጎማው ቦታም ከጎማው ዓይነት ያልተናነሰ ነገር ነው። እንደ ዲሲ 3 ሦስተኛ ጎማው ከጭራው ሥር ለሆነ አይሮፕላን ዋናዎቹ ጎማዎች ከክብደቱ ማዕከል ጥቂት ወደ ፊት መሆን አለባቸው። በጣም ከቀረቡ በአፍንጫው ይደፋና ሁለቱንም ፕሮፔለሮች በአንድ ጊዜ ይሰብራል፤ በጣም ከራቁ ደግሞ ሲንደረደር ጭራው ይቀድመዋል። ለሣር ሜዳ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ከትንሹ ይሻላል። ሦስተኛ ጎማው ከአፍንጫው ሥር የሆነው ዓይነት ለመንደርደር ይቀላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ባለ ሁለት ሞተር የግድ ዲሲ 3 መሆን የለበትም ብሎ መምከርም ተገቢ ነው።

በመጨረሻም የት ይበር? በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ሞዴል የሚያበር ሰው በፌዴራል የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት መመዝገብ፣ ቁጥሩን ከውጭ መጻፍና በነጻ የሚሰጠውን የደኅንነት ፈተና ማለፍ አለበት። ከዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ጣቢያ 15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ከቤት ፊት ለፊት ያለው የሕዝብ መናፈሻ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ሜዳ አይሆንም። በሌላ አገር ያለ ወገንም የአገሩን ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ። የሞዴል ክለብ ውስጥ መግባት ሜዳም፣ ልምድ ያለው ሰውም ያስገኛል። እንግዳ ሆኖ መቅረብ ያሳፍራል የሚል ካለ፣ በሞዴል ሜዳ ላይ «ይህን እንዴት ሠራኸው?» ከሚል ጥያቄ የተሻለ መተዋወቂያ የለም።

ልጅ ከትልቅ ሰው የሚማረው ሲሳካለት ብቻ በማየት አይደለም። አንዱ ሞተር ሲጠፋ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሌላውን የሚዘጋ፣ አይሮፕላኑን ሣሩ ላይ የሚያሳርፍ፣ የተቆረጠውን የናይሎን ብሎን በካቻቢቴ ፈትቶ ሌላ የሚያስር አባት ያየ ልጅ፣ መሐንዲስነት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገብቶታል። ኃይልና ውበት የሚፈልግ ሰው በኋላ ይጨምረው። መጀመሪያ ግን እኩል ሞተርና ጠንካራ እግር ይኑረው።